ማሳውን አጥብቂው

መኪናዋ እንቢ ያለችው ገና በማለዳ ነው። አራሚዋ ቁልፉን ስታዞር ከኮፈኑ ሥር "ጠቅ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ደግማ አዞረች፤ "ጠቅ"። ሦስተኛም አዞረች፤ "ጠቅ"። ከዚያ ወዲያ ጭጭ።

"ዛሬ እንኳን ተይኝ" አለቻት መሪውን በመዳፏ እየዳበሰች። መኪና ማናገር የባሏ ዐመል ነበር። በሕይወት ሳለ ትስቅበት ነበር፤ አሁን ግን ሳታስበው ወርሳዋለች።

ሰፈርተኛው ሁሉ "አራሚዋ" የሚላት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀምጣ የሰው ጽሑፍ ስታርም ስለኖረች ነው። ጡረታ ወጥታም ስሙ አልለቀቃትም። "እኔንም አርማ አርማ በቀይ እስክሪብቶ ሞልታኛለች" እያለ ባሏ ለእንግዳ ሁሉ ይቀልድ ነበር። እሱ ከሞተ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ልጅ አልነበራቸውም። ከእሱ የቀራት ይህቺ ከእሷ ጋር እኩል ያረጀች መኪናና አንድ ቃል ነው።

የዛሬው ጉዞም ከዚያ ቃል ጋር የተያያዘ ነበር።

ባሏ አንዲት ታላቅ እህት አለችው። አራሚዋ "እትዬ" ትላታለች። እትዬ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ አባታቸው ለሁለቱ በተወላቸው ማሳ ዳር ብቻዋን ትኖራለች። ወንድሟ በታመመበት ሰሞን ማሳውን ለሌላ ሰው አስረክባ ከተማ ካለችው ልጇ ዘንድ ልትገባ ወስና፣ ዕቃዋን ሁሉ አስራ ነበር። በዚያው መሐል ወንድሟ ሞተ። ከቀብሩ ማግስት ዘመድ ተሰብስቦ የማሳው ነገር ሲነሣ፣ አራሚዋ ብድግ ብላ "የመጨረሻ ቃሉን የሰማሁት እኔ ነኝ። ማሳውን አጥብቃችሁ ያዙ ብሏል" አለች። እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ቤቷ ተመልሳ ያሰረችውን ዕቃ ፈታች። ይኸው እስከ ዛሬ፣ በሰባ አንድ ዓመቷ፣ ትኮተኩታለች፣ ታርማለች፣ የተናደ እርከን ትክባለች።

ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ የእትዬ ልጅ ደወለች።

"አክስቴ፣ እናቴ ትናንት ከእርከኑ ላይ ወደቀች። ጉልበቷ እንደ ዱባ አብጧል አሉኝ። ነይ ከኔ ጋር ኑሪ ብላት የወንድሜን ቃል ረግጬ የት እሄዳለሁ ትለኛለች። ዛሬም እዚያው ትኮተኩት ይሆናል በአንድ እግሯ! እኔ ተረኛ ነኝ፣ ከሥራ መውጣት አልችልም። አንቺ ብትነግሪያት ትሰማለች። ቃሉን የሰማሽው አንቺ ነሽ።"

"ወደ ሐኪም እወስዳታለሁ" አለች አራሚዋ።

"ከሐኪም በኋላስ?"

አራሚዋ ስልኩን ዘግታ የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች። ሕያው ሰው ቢሆን ሐሳቡን እንዲለውጥ ይለመናል። የሞተ ሰው ቃል ግን እንዴት ተደርጎ ይታረማል?

የኮፈኑን ዘንግ ስታቆም ጎረቤቷ በነጠላ ጫማ እየተንሻተተ ደረሰ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር የነበረ ሰው ነው። ሰፈር ውስጥ ሞተር ሲያጉረመርም ከሰማ ቁርሱን ጥሎ ይወጣል።

"ባትሪው ነው! አልጋዬ ላይ ሆኜ በድምፁ አውቄዋለሁ።"

"ባትሪው ከተቀየረ ሁለት ወሩ ነው፣ ጋሼ። በዓመት ውስጥ ሁለተኛ ባትሪ ነው።"

"እንግዲያው ሞተሪኖው ነዋ፤ ሞተሩን የሚያስነሣው እሱ አይደል?"

"እሱንም ባለፈው ፈተው አይተው፣ ጤነኛ ነው ብለው ገጥመውታል።"

ጎረቤቷ አገጩን አከከ። "በቃ እንግፋት። ቁልቁለቱ ላይ ትነሣለች።"

"እዚህስ እሺ። እዚያ ስደርስ ብትጠፋብኝ ማን ይገፋልኛል? ጉልበቷ ያበጠ አሮጊት?"

"እውነትሽን ነው። እንግዲያው ቮልትን እንጥራው። ምላሱ መራራ ነው እንጂ እጁስ ማር ነው።"

ቮልት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የቆዳ ቦርሳውን በብብቱ ይዞ በእግሩ መጣ። መኪናዋን ገና ሳያያት ጎረቤቷን አየ።

"አንተ አለህና! እንግዲህ በሽተኛዋ ተመርምራ፣ መድኃኒት ታዝዞላት፣ ቀብሯም ተወስኗል ማለት ነው።"

"ባትሪ ነው ብያለሁ። ከቃሌ ንቅንቅ አልልም።"

"አንተ ድሮ ፍሬን ሲበጠስብህም ባትሪ ነው ብለህ ነበር።" ወደ አራሚዋ ዞረ፤ ድምፁም ለስለስ አለ። "እመቤቴ፣ መቼ ነው የምትነሣው? መቼስ ነው የማትነሣው?"

"አንዳንድ ጠዋት ትነሣለች። አንዳንዴ ብዙ ከነዳኋት በኋላ እንቢ ትለኛለች። አንዳንዴ ደግሞ ያለ ምክንያት።"

"ያለ ምክንያትን ለእኔ ይተዉልኝ። ገብተው ይቀመጡ። ያዙሩ ስል ያዙሩ፣ ይልቀቁ ስል ይልቀቁ። በመሐል ምንም አይንኩ።"

ቮልት አንድም ብሎን አልፈታም። ይህ ደንቡ ነበር፤ ጠይቆ ሳይጨርስ ቁልፍ አያነሣም። መጀመሪያ የፊት መብራቱን አስበራና ግድግዳው ላይ ያረፈውን ብርሃን እያየ "ያዙሩ" አለ። "ጠቅ" አለ። ብርሃኑ ቅንጣት አልደበዘዘም።

"አየህ?" አለው ጎረቤቷን። "ባትሪው ደክሞ ቢሆን መብራቱ እንደ ሻማ ይሞት ነበር። እሱ ቁጭ ብሎ ነው ያለው፤ ሥራ የሚያዘው አጥቶ።"

ከዚያ ቴስተሩን አወጣ። ሁለቱን መርፌዎች በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አስቀመጠ። "ያዙሩ። ይልቀቁ። አሥራ ሁለት ተኩል፣ ምንም አልወረደም።" ቀጥሎ ቀዩን መርፌ ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ የሚገባበት ቦታ አደረገ። "ያዙሩ። ይልቀቁ። እዚህም ደርሷል። መሄጃው ደኅና ነው።" ትንሽ አሰበና አንዱን መርፌ የባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ራቁቱን የሞተሩ ብረት ላይ አስደገፈ።

"አሁን ያዙሩ።"

"ጠቅ።"

ቮልት መነጽሩን ከፍ አድርጎ ቁጥሩን ደግሞ አነበበ። ጎንበስ ብሎ እጁን ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ በታች ሰደደና ወዲያው መልሶ ሳበው። "ወይ ጉድ! ያቃጥላል። ይምጡ እመቤቴ፣ ይውጡና ይዩ፤ ተገኝታለች።"

አራሚዋ ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

"ማሳው ነው" አለ ቮልት።

መጀመሪያ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። "ምን አሉኝ?"

"ማሳው። ማሳው ላልቷል። ሌላ ምንም በሽታ የለባትም።"

"የምን ማሳ?"

"ማሳ ነዋ! ገበሬ የሚያርሰው አይደለም እንግዲህ።" ሳቅ አለና ግራ መጋባቷን ሲያይ ሊያስረዳት ተነሣ። "ይሄውልዎ፣ ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ ሥራውን ይሠራል፤ ከሠራ በኋላ ወደ ባትሪው መመለሻ መንገድ ይፈልጋል። የሚመለሰው በብረቱ ላይ ነው፤ በሞተሩ፣ በቦዲው። ብረቱን ከባትሪው የምታገናኘውን ገመድ እኛ ማሳ እንላታለን። ቃሉ የጣልያን ነው አሉ፤ እኛ ሙያውን ካስተማሩን የሰማነው ነው። ማሳዋ ከላላች መብራቱ ይበራል፣ ሬዲዮው ይዘፍናል፣ ሞተሪኖው ግን ብዙ ጉልበት ስለሚፈልግ እንቢ ይላል።"

"እኔም ማለቴ እሱን ነበር" አለ ጎረቤቷ።

"አንተ ዝም በል።"

ቮልት ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ገባ። ከታች ድምፁ መጣ። "እመቤቴ፣ ከዚህ በፊት ይህቺን ማን ነክቷታል? እዚህ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞባታል። ሦስት ዙር፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ። የሠራው ሰው ችግሩን ደኅና አድርጎ አውቆታል። ለጊዜው ይዞ፣ በኋላ በደንብ ላጥብቀው ብሎ የተወው ነው የሚመስለው።"

ሦስት ዙር፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ። የግቢው በር ማጠፊያ እንዲያ ነው የታሰረው። የመነጽሯ ክንድም አንድ ጊዜ እንዲያ ነበር የታሰረው።

"ባለቤቴ ነው" አለች።

"ታዲያ እሳቸው ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ?"

አራሚዋ የኮፈኑን ጠርዝ ያዘች።

"ነግሮኛል" አለች።

"እህ! ታዲያ!" አለ ቮልት ከታች። "ይሄን ሁሉ ባትሪ ስትቀያይሩ!"

ጎረቤቷ ፊቷን አይቶ ጠጋ አለላት።

ቮልት ወጥቶ እጁን ከላይ ሰደደና ብሎኗን ፈታ፤ አረንጓዴ ዱቄት የለበሰውን የገመዱን ራስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፤ የሞተሩንም ብረት እስኪያብረቀርቅ ፋቀ። መልሶ ገጠመና ማጥበቅ ጀመረ። አራሚዋ እጁን አየች። ጣቶቹ ጭብጥ ይላሉ፣ አንጓው ወደ ቀኝ ይገለበጣል፤ ጭብጥ፣ ግልብጥ። ባሏ በመጨረሻው ቀኑ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል አልጋው ላይ ያደረገው ይህንኑ ነበር። የአየር መስጫውን ጭንብል በግራ እጁ ከፍ አድርጎ "ማሳውን አጥብቂው" አለ፤ ቀኝ እጁን አንሥቶ ጣቶቹን ጨብጦ ገለበጠ። "ማሳውን" አለ ደግሞ። ነርሷ ጭንብሉን መለሰችበት። ሌሊቱን ሞተ። እሷ ያንን ጭብጥ "ያዙ፣ አትልቀቁ" ብላ ነበር ያነበበችው።

ጠጋ ብላ ስታስታውስ ከዚያ በፊት የነበረውም መጣላት። ያን ቀን አርፍዳ ነበር የደረሰችው። "መኪናዋ በር ላይ አልነሣ ብላኝ፣ ሰው ገፍቶልኝ ነው የመጣሁት" ብላው ነበር፤ ወንበሩን ስታስጠጋ፣ ነጠላዋን ስታወልቅ፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር የሰማ አልመሰላትም። ሰምቷል። ከብዙ ደቂቃ በኋላ መለሰላት። ኑዛዜ ብላ አንድ ዓመት ከአራት ወር የተሸከመችው ለጥያቄዋ የተሰጠ መልስ ነበር።

"ይግቡና ያስነሡ" አለ ቮልት።

ቁልፉን ስታዞር መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች። ጎረቤቷ አጨበጨበ። ቮልት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፊቱን አኮማትሮ ሞተሩን አዳመጠ።

"ሺህ ዓመት ይኑሩ" አለችው።

"እርስዎ ይኑሩ። ግን እመቤቴ፣ ሰው ሲነግርዎ ካልገባዎት ይጠይቁ። ባሌን መጠየቅ አፈርኩ ብሎ ነገር የለም።"

ለቀልድ ነበር ያለው። ተነሥታ እጇን ልትታጠብ ወደ ቤት ገባች። ቧንቧው እየፈሰሰ ብዙ ቆመች።

ማተሚያ ቤት ሳለች አዲስ ለሚገቡ አራሚዎች መጀመሪያ የምትነግራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ጸሐፊው በሌለበት ቃል አይጨመርም። ያልገባችሁ ነገር ካለ ጠርዙ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። ስንቱን ልጅ በዚህ ተቆጥታለች። አሁን የባሏን ዐረፍተ ነገር እንደ ማረሚያ ወረቀት ፊቷ ዘርግታ አየችው። እሱ "አጥብቂው" አለ፤ ለአንዲት ሴት፣ ስለ አንድ ነገር። እሷ "አጥብቃችሁ" አደረገችው፤ ለወገን ሁሉ። "ያዙ" የሚለውን ደግሞ ከየት አመጣችው? ከራሷ። ጎድሎ መሰላትና ሞላችው። ሲሞላ አማረ፤ ዘመድ ፊት ለመቆም የሚበቃ ቃል ሆነ። እርማቷ ይህ ነበር። በዚያች ቃል ላይ ነው አንዲት አሮጊት ዕቃዋን የፈታችው።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ቮልት የሚያውቀው ስለ ገመድ ብቻ ነው። ለእትዬ "ወንድምሽ ቢኖር እንዲህ እንድትሆኚ አይወድም ነበር" ብትላት ትነሣ ይሆናል፤ ማንም ሳያፍር፣ ማንም ሳይጎዳ። ግን ያም ሌላ ጭማሪ ነው። ቧንቧውን ዘጋች።

እትዬ ደጃፏ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ጆንያ ላይ ዘርግታ ነበር ያገኘቻት። አጠገቧ መኮትኮቻው ተጋድሟል፤ አፈሩ ገና ርጥብ ነው።

"ሙሽራዬ! መጣሽ?" ወንድሟን ካገባች ሠላሳ ዓመት አልፎም እንደዚህ ነው የምትጠራት። "ልጄ ደውላ፣ አክስቴ መኪናዋ ቆመችባት ብላኛለች ስትለኝ እሰይ ብዬ ነበር። ደኅና ነኝ እኮ። ጉልበት እንደሁ ያብጣል፣ ይጎድላል።"

"ቆማብኝ ነበር። ተሠራች።"

"ምን ሆና?"

አራሚዋ በመንገድ ላይ ብዙ መነሻ አዘጋጅታ ነበር። ሁሉንም ተወችው። መሬቱ ላይ፣ ከእግሯ አጠገብ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ የምነግርሽ አለ። ሳታቋርጪኝ ስሚኝ።"

ነገረቻት። ስለ ገመዱ፣ መካኒኮች ገመዱን ማሳ ስለማለታቸው፣ ስለ ሽቦው፣ ያን ቀን አርፍዳ ስለመድረሷ። እትዬ መጀመሪያ ፈገግ እንዳለች ሰማቻት፤ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ተረብ የሚነገራት መስሏት። ፈገግታው ቀስ እያለ ሄደ።

"ቆይ" አለች። "ቆይ እስቲ። ስለ መኪና ነው ያለው?"

"ስለ መኪና ነው።"

"ስለዚህ አይደለም?" እጇን ወደ ማሳው ዘረጋች። የኮተኮተችው ግማሹ ጠቁሮ ይታያል፤ ያልደረሰችበት ግማሹ ነጥቷል።

"ስለዚህ አይደለም።"

"አጥብቃችሁ ያዙ ብሏል ብለሽ፣ ቆመሽ፣ በሰው ፊት..."

"ያዙ አላለም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

አንዲት ዶሮ መጥታ የመኮትኮቻውን አፈር ጫረች፤ ማንም አላባረራትም።

"እንዴት አድርጎ አለው? እንዳለው በይልኝ።"

"ማሳውን አጥብቂው። ማሳውን።"

"በቃ?"

"በቃ።"

"ለኔስ?" አለች እትዬ። "ለኔ ምን አለ?"

አራሚዋ ይህን ጥያቄ አላሰበችውም ነበር። አንድ ቃል፣ አንድ ለስላሳ ነገር፣ ስምሽን ጠርቶ ነበር፣ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ጎድሎ ይታያታል፤ መሙላት ደግሞ ታውቅበታለች።

"ምንም አላለም፣ እትዬ" አለች።

እትዬ አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ማሳው መልሳ "አንድ ክረምት ሙሉ" አለች። "በዝናብ። ሌሊት እርከኑ ሲናድ ፋኖስ ይዤ እየወጣሁ፣ 'አይዞህ ወንድሜ፣ አልለቀኩትም' እለው ነበር። እለው ነበር እኮ ጮክ ብዬ። ጎረቤት አብዳለች ብሎኛል።" ከዚያ ዞረችና ዓይኗን ተከለችባት። "ፊደል የቆጠረች ናት ብዬ ነው ያመንኩሽ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ እጠይቀው ነበር። አንቺን አልጠየቅኩሽም።"

"ልክ ነሽ።"

"ልክ ነሽ አትበይኝ!"

አራሚዋ ይቅርታ ለማለት አፏን ብትከፍትም እትዬ በእጇ ከለከለቻት። በዚያ ሁኔታ ፀሐይዋ ከጣሪያው ጥላ እስክታወጣቸው ድረስ ተቀመጡ።

"ልጄን እኔው ራሴ እነግራታለሁ" አለች እትዬ በመጨረሻ። "ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ። አሮጊቷ ለመኪና ገመድ ስትኮተኩት ከረመች ብለው እንዳይስቁብኝ።"

"አልናገርም።"

"ከጓዳ ሣጥኑን አውጪ። ልብሴ እዚያ ውስጥ ነው። ብርድ ልብሱን ደርቢበት። ድስቱን ተዪው፣ ልጄ ድስት አላት። ዶሮዎቹን እንድትጠብቅልኝ ለጎረቤቴ ንገሪልኝ፤ ማሳውንም ልጇ እንደሚፈልገው ነግራኝ ነበር፣ ይረከብ። እኔ ጨርሻለሁ በያት።"

አራሚዋ ሣጥኑን በደረቷ ታቅፋ እያረፈች ወደ መኪናዋ ወሰደችው። ብርድ ልብሱን አስገባች። የእትዬ ጎረቤት ዘንድ ሄዳ የተባለችውን፣ የተባለችውን ብቻ ነግራ ተመለሰች። የፊቱን በር ከፍታ ስትጠብቅ እትዬ በዓይኗ የኋለኛውን አሳየቻት። የፊቱን ዘግታ የኋለኛውን ከፈተች።

እትዬ ልትነሣ ሞከረች፤ አቃታት። እንደገና ሞከረች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ እጇን ዘረጋች። አራሚዋ ክንዷን ሰጠቻት። እትዬ ጠበቅ አድርጋ ያዘችውና በአንድ እግሯ፣ እርምጃ በእርምጃ፣ እየቆመች እየተነፈሰች እስከ መኪናዋ ሄደች። ክንዷን የያዘችው ይቅር ብላት አልነበረም፤ ጉልበቷ ስላልቻለ ነው። አራሚዋም ሌላ ትርጉም አልሰጠችውም።